የጠፈር መንኮራኩርን ከሆዷ ጀምሮ ማየት፦ የኮሎምቢያ የመጀመሪያ በረራ በእህቷ ገላ ላይ

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ለመቀበል ወደ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዳችሁ አውሮፕላኑ ዘግይቷል ከተባለ፣ መኪና ውስጥ ተቀምጣችሁ ስልክ አትነካኩ። ከማረፊያው በስተደቡብ፣ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ፣ ሻንቲሊ በምትባል የቨርጂኒያ ከተማ የስሚዝሶኒያን ብሔራዊ የአየርና የጠፈር ሙዚየም ሁለተኛ ሕንፃ አለ። ኡድቫር-ሄዚ ማዕከል ይባላል። መግቢያው ነጻ ነው። የሚያስከፍለው የመኪና ማቆሚያው ነው፣ 15 ዶላር። እሱም ቢሆን በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ለሚገባ አይጠየቅም። ሙዚየሙ የሚዘጋው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስለሆነ ቆጣቢ ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ያገኛል፤ ለምነግራችሁ ነገር ይበቃል።

ኑሮዬ መንገደኛ ከማረፊያ ተቀብሎ ቤቱ ማድረስ ነው። አገር ቤት ሳለሁ ደግሞ መካኒክ ነበርኩ። ብዙ እንግዳ ወደዚህ ሙዚየም ስላስገባሁ አብዛኛው ሰው ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ከመግቢያው ፊት ለፊት ያለውን ጥቁር የስለላ አውሮፕላን፣ ብላክበርድን፣ ያያል። ከእሱ በስተጀርባ ባለው አዳራሽ የቆመችውን የጠፈር መንኮራኩር ዲስከቨሪን ሲያገኝ አፍንጫዋ ፊት ፎቶ ይነሳል፣ «ወይ ግዝፈት!» ይላል፣ ይወጣል። መግዘፏ እውነት ነው፤ ርዝመቷ 37 ሜትር ይሆናል። እንዲህ ያየ ሰው ግን አላያትም። ያገለገለ መኪና የሚገዛ አዋቂ ቀለሙን ትቶ ጎንበስ ብሎ ሥሩን እንደሚመረምር ሁሉ፣ እሷም መታየት ያለባት ከሥር ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ዓይናችሁ የሚያየው ዲስከቨሪን ቢሆንም እኔ እንድታስቡ የምፈልገው ታላቅ እህቷን ኮሎምቢያን ነው። ሚያዝያ 4 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 12 ቀን 1981፣ እሑድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ጆን ያንግና ሮበርት ክሪፐን ከፍሎሪዳው የኬኔዲ የጠፈር ማዕከል በኮሎምቢያ ተነሡ። የመጀመሪያው ሰው ዩሪ ጋጋሪን ጠፈር ከወጣ ልክ 20 ዓመቱ ነበር፤ ግን ታስቦበት አይደለም፣ በረራው በሁለት ቀን ስለተላለፈ የገጠመ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ቀን በፊት ሰው ይዞ ወደ ምሕዋር የወጣ መንኮራኩር በሙሉ አንድ ጊዜ በርሮ ሥራው የሚያበቃ ነበር፤ ኮሎምቢያ ግን ተመልሳ ደግማ እንድትበር የተሠራች ናት። እዚያው አዳራሽ ውስጥ ጀሚናይ 7ን ፈልጉ። በ1965 ሁለት ሰዎች 14 ቀን ታጭቀው የኖሩባት መንኮራኩር ናት። እሷን ያየ ሰው ቀና ብሎ ዲስከቨሪን ሲያይ በ16 ዓመት ውስጥ ምን እንደተለወጠ ሳይነገረው ይገባዋል።

ኮሎምቢያን ራሷን ማየት አይቻልም። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 ከ28ኛ በረራዋ ስትመለስ ከሰባት ጠፈርተኞቿ ጋር ጠፍታለች። ምስክር የምትሆነን እህቷ ናት።

እንግዲህ አፍንጫዋን አልፋችሁ ወደ ክንፏ መሃል ስትደርሱ ጎንበስ በሉ። ሥሯ መግባት አይፈቀድም፤ ከጎን ግን ሆዷ በደንብ ይታያል። ከጠፈር ስትመለስ ከሚገጥማት እሳት የሚከላከል ጥቁር ጡብ ከዳር እስከ ዳር ተነጥፎበታል። ትኩር ብላችሁ ስታዩት ጥቁረቱ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ጡብ ድቅድቅ ያለ ነው፣ ሌላው ገርጥቶ ግራጫ ሆኗል፣ ነጭ ጭረት የወጣበትም አለ። ድቅድቅ ያለው በኋላ የተተካ ነው፤ የገረጣው ደጋግሞ እሳት የቀመሰ ነው። ዲስከቨሪ 39 ጊዜ ጠፈር ወጥታ ተመልሳለች፣ በድምሩ 365 ቀን እዚያ ቆይታለች። ደጋግሞ መብረር የሚባለውን ነገር በዓይን ማየት የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም።

አንድ ጊዜ አብረውኝ የገቡ ዕድሜያቸው የገፋ እናት ይህን ሆድ አይተው «ልጄ፣ ይህ ሁሉ በእጅ ነው የተለጠፈው?» አሉኝ። ከኢንጂነር እንግዶቼ መካከል እንኳ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ የለም። አዎን እማማ፣ በእጅ ነው። ኮሎምቢያ ላይ ወደ 31,000 የሚጠጉ ጡቦች ነበሩ። እያንዳንዱ የራሱ ቅርጽና የራሱ ቁጥር አለው፤ የአንዱን ቦታ ሌላው አይገባበትም። ሲሊካ ከሚባለው የአሸዋ ማዕድን ንጹሕ ክር የተሠሩ ናቸው፤ ዘጠና ከመቶ ያህሉ አየር ነው። ሲያነሷቸው ክብደት የላቸውም፣ በጣት ጥፍርም ይጫራሉ። ይህ ስስ ነገር ነው እንግዲህ በውጭ በኩል እስከ 1,260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እየጋለ ከሥሩ ያለው አሉሚኒየም ከ175 ዲግሪ ያህል እንዳያልፍ የሚጠብቀው።

አሉሚኒየሙ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ይለጠጣል፣ ይኮማተራል፤ ጡቡ ግን አይለጠጥም፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጡቡ በቀጥታ ብረቱ ላይ አልተጣበቀም። በመካከላቸው እንቅስቃሴውን የሚውጥ የጨርቅ ንጣፍ አለ፤ ጡቡ ከጨርቁ፣ ጨርቁ ከብረቱ ጋር በሲሊኮን ሙጫ ተያይዟል። በጡብና በጡብ መካከል ቀጭን ክፍተት የተተወውም ለዚሁ ነው። ክፍተቱን እዩት፤ የሥራውን ጥራት የሚናገረው እሱ ነው።

ይህ ነገር በቀላሉ አልተሳካም። ኮሎምቢያ በ1979 በጃምቦ ጀት ጀርባ ላይ ተጭና ከካሊፎርኒያ ወደ ፍሎሪዳ ስትጓዝ ጡቦቿ መንገድ ላይ እየተነቀሉ ወደቁ። ጠፈር ቀርቶ የጃምቦን ፍጥነት ያልቻለ ጡብ! ከዚያ በኋላ በጥገና ሕንፃው ውስጥ 610 ቀን ቆየች። ቴክኒሻኖች ቀንና ሌሊት ጡብ እየነቀሉ፣ እያጠነከሩ፣ መልሰው እየለጠፉ፣ ጥንካሬውንም እየጎተቱ ሲፈትሹ ነበር። በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው በረራ የተጀመረው እዚያ ሕንፃ ውስጥ ነው። አደጋም ነበረው። ከመነሣቷ ሦስት ሳምንት ተኩል ገደማ ሲቀር፣ ማርች 19፣ የኋላ ክፍሏ እሳት እንዳይነሣ በናይትሮጅን ተሞልቶ ሳለ ሠራተኞች ሳያውቁ ገቡ። ናይትሮጅን ሽታ የለውም፣ ራሳቸውን ሳቱ። ከመካከላቸው ሁለቱ መንኮራኩሯ ስትነሣ ሳያዩ ሞቱ። ጅራቷ አጠገብ ስትደርሱ እነሱን አስቡ።

አሁን ቀና በሉና ከጅራቷ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት እብጠቶች ተመልከቱ። ምሕዋር ላይ ሳለች የምትንቀሳቀስባቸው ትንንሽ ሞተሮች ቤት ናቸው። በዲስከቨሪ ላይ በአብዛኛው የለበሱት እንደ ጥጥ ፍራሽ የተሰፋ ነጭ ሙቀት መከላከያ ጨርቅ ነው፤ ስፌቱ ከሩቅ ይታያል። ኮሎምቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትበር ግን እዚያ የነበረው ነጭ ጡብ ነው። ያንግና ክሪፐን ምሕዋር እንደገቡ የጭነት ክፍሉን በሮች ከፈቱ። የግድ ነው፤ ራዲያተሮቹ የበሮቹ ውስጠኛ ገጽ ላይ ስለሆኑ በሮቹ ካልተከፈቱ መንኮራኩሯ ሙቀቷን የምታወጣበት የለም። ከዚያ በኋላኛው መስኮት ወደ ጅራቷ ሲያዩ በእብጠቶቹ ላይ ጡብ የተነቀለበት ባዶ ቦታ አገኙ። ምስሉን በቴሌቪዥን ካሜራ ወደ ምድር አሳዩ።

እብጠቶቹ ብዙ እሳት የሚያገኛቸው ቦታ ስላልሆኑ የእነሱ ጉዳት ብቻውን አያሰጋም ነበር። ጭንቀቱ ሌላ ነው፦ ከላይ እንዲህ ከተነቀለ ከሆዷስ? ሆዷን ደግሞ ከውስጥ ሆኖ ማየት አይቻልም። ለዚህ ነው ከሆዷ ጀምሩ የምላችሁ። ስትመለስ በተደረገው ቆጠራ 16 ጡቦች ጠፍተው፣ 148 ተጎድተው ተገኙ።

ምን ነቀላቸው? መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላዋ ዙሩ። ከሦስቱ ትላልቅ ሞተሮች ሥር ጠፍጣፋ መቅዘፊያ ታገኛላችሁ፤ ስትመለስ አፍንጫዋ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እንዳያዘነብል ሚዛን የሚጠብቅላት እሱ ነው። ኮሎምቢያ ስትነሣ ሁለቱ አጋዥ ሮኬቶች ሲቀጣጠሉ የተፈጠረው የግፊት ማዕበል ከታሰበው በጣም የበረታ ነበር። ማዕበሉ ከማስነሻው ወለል ነጥሮ ተመልሶ መታት። ይህን መቅዘፊያ ሊታጠፍ ከተፈቀደለት መጠን በላይ አጠፈው፤ አፍንጫዋ ውስጥ ካለ የነዳጅ ዕቃ ድጋፍ አንዱንም አጎበጠው። ሁለቱ ሰዎች ይህን አላወቁም። ያንግ በኋላ እንደተናገረው፣ መቅዘፊያው እንዲህ መመታቱን በወቅቱ ቢያውቁ ኖሮ ደህና ከፍታ ላይ ደርሰው ጥለዋት ይወጡ ነበር። ከሁለተኛው በረራ በፊት ማስነሻው ላይ የውኃ መርጫ ተጨመረ፤ ማዕበሉን ውኃው እንዲውጠው። ርካሽ መፍትሔ ነው፣ ሠራም።

ሦስቱ ትላልቅ ሞተሮች ግን አያታሏችሁ። እዚያ የምታዩት አምሳያ ነው። እውነተኞቹ ተነቅለው ኤስኤልኤስ ለተባለው አዲሱ የጨረቃ ሮኬት ተወስደዋል። ደጋግሞ እንዲያገለግል ተብሎ የተሠራ ሞተር በአዲሱ ሮኬት ላይ አንድ ጊዜ ነድዶ ባሕር ይገባል። መካኒክ የነበረ ሰው ይህን ሲሰማ ቢያዝን አትፍረዱበት።

እዚያ የሌለውንም ማየት ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ትልቁ የነዳጅ ታንክ የለም፤ 47 ሜትር ገደማ ነበር፣ ከራሷ ይረዝማል። ብርቱካናማ ሆኖ ነው የምታውቁት፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት በረራዎች ግን ነጭ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ቀለሙ ብቻ 270 ኪሎ ግራም ገደማ መመዘኑ ሲታይ ተተወ። ታንኩ በእያንዳንዱ በረራ ይጣል ነበር። አጋዥ ሮኬቶቹ ደግሞ በጃንጥላ ባሕር ላይ እየወደቁ፣ በመርከብ እየተጎተቱ፣ ታድሰው ይመለሱ ነበር። ስለዚህ «ሁሉ ነገሯ ተመላሽ ነው» የሚል አስጎብኚ ካጋጠማችሁ በትሕትና ስለ ታንኩ ጠይቁት።

ሁለተኛው የሌለ ነገር ወንበር ነው። ኮሎምቢያ ውስጥ አብራሪዎቹን ወደ ውጭ የሚያስፈነጥሩ ሁለት ወንበሮች ነበሩ፤ በዲስከቨሪ ላይ አልተገጠሙም። ለምን እንዳስፈለጉ ለመረዳት ይህን ማወቅ በቂ ነው፦ አሜሪካውያን ከዚያ በፊት ሰው ያሳፈሩበትን መንኮራኩር ሁሉ አስቀድመው ባዶውን አብርረው ፈትሸዋል። ኮሎምቢያን ግን ባዶዋን ወደ ጠፈር አላስወነጨፏትም። በ1977 ኤንተርፕራይዝ የተባለችው የሙከራ እህቷ ከጃምቦ ጀርባ እየተለቀቀች ማረፍን ተለማምዳለች፤ ከጠፈር መመለስን ግን ማንም አልሞከረውም። የመጀመሪያው ፈተና ሁለት ሰዎች ውስጧ ተቀምጠው ነው የተደረገው።

ወደ አፍንጫዋ ተመለሱ፤ አሁን መስኮቶቿን ማየት ትችላላችሁ። ኮክፒቱ አይገባበትም፣ እዚህ ብዙ አትቆዩ። ከመስኮቶቹ በስተጀርባ አምስት ኮምፒውተሮች እንደነበሩ ግን እወቁ። አራቱ አንድ ዓይነት ፕሮግራም ይዘው እርስ በርሳቸው ይጠባበቃሉ፤ አምስተኛው በሌሎች ሰዎች የተጻፈ ሌላ ፕሮግራም ይዞ በተጠባባቂነት ይቆማል። አራቱ ላይ አንድ የጋራ ስሕተት ቢኖር አምስተኛው እንዲያድን ነው። በረራው በሁለት ቀን የተላለፈውም በዚሁ ነው። ኤፕሪል 10 ሁለቱ ሰዎች ታስረው ሲጠብቁ ውለው፣ አምስተኛው ኮምፒውተር ከአራቱ ጋር መናበብ አቃተው። የሰዓት ልዩነታቸው 40 ሚሊሰከንድ ነበር። ለዚያች ቅጽበት ሲባል ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በእሑዱ መነሣት የክሪፐን ልብ በደቂቃ 130 ያህል ስትመታ የያንግ ከ90 ብዙም አላለፈችም ይባላል። ያንግ 50 ዓመቱ ነበር፣ አምስተኛ በረራው ነው፣ ጨረቃም ላይ ተራምዷል።

ጎማዎቿን በመጨረሻ እዩ። ኮሎምቢያ ምድርን 36 ጊዜ ዙራ ኤፕሪል 14 ተመለሰች። አፍንጫዋን 40 ዲግሪ ያህል ቀና አድርጋ በሆዷ አየሩን እየገፋች፣ ከድምፅ 25 እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት ነው የገባችው። እሳቱ ስለከበባት የሬዲዮ ግንኙነቱ ለረጅም ደቂቃዎች ተቋረጠ። ድምፃቸው ሲመለስ ካሊፎርኒያ ሊደርሱ ነበር። በኤድዋርድስ የአየር ኃይል ሰፈር፣ በደረቀው የሮጀርስ ሐይቅ ላይ አጃቢ ጀት ከፍታዋን እየቆጠረላት አረፈች፤ ፍጥነቷ በሰዓት 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ያንግ ከመሰላሉ እንደወረደ ምን አደረገ? ጎማዋን አየ፣ ሆዷ ሥር ገብቶ ጡቦቿን እያየ ዞረ፣ በደስታ ቡጢውን አወዛወዘ። መሪዋ ራሱ የጀመረው ከሥሯ ነው፤ እኔ የፈጠርኩት ዘዴ አይደለም።

ጊዜ ከተረፋችሁና የመመልከቻው ማማ ክፍት ከሆነ ውጡበት። ደለስ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች ይታያሉ። እንግዳችሁን የያዘው አውሮፕላን በ3 ዲግሪ ያህል እያዘቀዘቀ፣ ሞተሩ እየሠራ ይመጣል፤ ካልተመቸው ተነሥቶ ዞሮ ይመለሳል። መንኮራኩሯ ግን ከ17 እስከ 20 ዲግሪ አዘቅዝቃ፣ ያለ ሞተር ነው የምትወርደው። ዞሮ መመለስ የለም። ለልጆች ይህን በእጃችሁ አሳዩአቸው፤ ከጽሑፉ ሁሉ የሚይዙት እሱን ነው።

ኮሎምቢያ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 12 እንደገና ተነሣች፤ ደጋግሞ የመብረሩ ነገር የተረጋገጠው ያን ቀን ነው። በየሁለት ሳምንቱ ትበራለች የተባለው ግን ሳይሆን ቀርቷል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እህትማማቾቹ ሁሉ ተደምረው የበረሩት 135 ጊዜ ነው፤ ለዚያም በአደጋ የጠፉት የሁለቱ እህትማማቾች፣ የቻሌንጀርና የኮሎምቢያ፣ 14 ሰዎች ሕይወት ተከፍሏል።

ቨርጂኒያ የማትኖሩ ሰዎች አማራጭ አላችሁ። ፍሎሪዳ ኬኔዲ ማዕከል ያለችው ሌላዋ እህት አትላንቲስ የጭነት በሮቿ ተከፍተው ወደ ጎን ዘንበል ብላ ስለተሰቀለች ራዲያተሮቿ እዚያ ይታያሉ። ሎስ አንጀለስ፣ ከፌርፋክስ መንገዱ የኢትዮጵያውያን ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ የካሊፎርኒያ የሳይንስ ማዕከል እህቷን ኢንዴቨርን ከትልቁ የነዳጅ ታንክና ከአጋዥ ሮኬቶቿ ጋር ሽቅብ አቁሟታል፤ ሲከፈት እዚህ የለም ያልኳችሁን ሁሉ ታገኙበታላችሁ። ኒው ዮርክ ኢንትሬፒድ በተባለው ሙዚየም በሆነ መርከብ ላይ ያለችው ኤንተርፕራይዝ ናት። ጠፈር ስላልወጣች ጡቦቿ ከፎም የተሠሩ አስመሳዮች ናቸው፤ እዚያ ስትሄዱ ሆዷን በመመርመር ጊዜ አትጨርሱ።